በጌጥ የተሸፈነ ፎቶግራፍ፦ የአሜሪካው ስክራፕቡክና የአገር ቤቱ አልበም

ስክራፕቡክ የሚባለው ፎቶግራፎች፣ የጉዞ ቲኬቶች፣ የልደት ካርዶችና የትምህርት ቤት የምስክር ወረቀቶች በባለቀለም ወፍራም ወረቀት ላይ እየተለጠፉና እየተጌጡ፣ ከጎናቸውም የዕለቱ ታሪክ በጽሑፍ እየሰፈረ የሚዘጋጅ የቤተሰብ አልበም ሲሆን፣ ዝግጅቱ በአሜሪካ በተለይ በሴቶች ዘንድ የተስፋፋ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። የተለመደው ገጽ በእያንዳንዱ ጎኑ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ግድም የሆነ ካሬ ነው። ሥራው ወረቀት፣ ስቲከር፣ ማኅተምና መቁረጫ መሣሪያ የሚሸጥ ሰፊ ንግድ ስለወለደ በየወቅቱ አዲስ ፋሽን ይነሳበታል፤ ከእነዚህ ፋሽኖችም ጥቂት የማይባሉት የሥራውን አፍቃሪዎች ራሳቸውን የሚያሰለቹና የሚያናድዱ ሆነዋል። ቅሬታው ላይ ላዩን ሲታይ የምርጫ ጉዳይ ይመስላል፤ በኢትዮጵያ ካለው የፎቶ አልበምና የአውቶግራፍ ልማድ ጋር ሲነጻጸር ግን ጠለቅ ያለ ጥያቄ እንዳለበት ይታያል፤ ጥያቄውም ገጹ ባለቤቱ በሌለበት ጊዜ ለተመልካቹ ምን ይናገራል የሚል ነው።

የልማዱ አመጣጥ

በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ በቀለም የታተሙ ትናንሽ ሥዕሎችን፣ ከጋዜጣ የተቆረጡ ጽሑፎችንና የንግድ ካርዶችን በደብተር ላይ መለጠፍ የተለመደ ነበር፤ ደራሲው ማርክ ትዌይንም ገጾቹ አስቀድመው ሙጫ የተቀቡና ሲረጥቡ የሚይዙ የመለጠፊያ ደብተር ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። የዛሬው መልክ የተስፋፋው ግን ከዩታ ግዛት ተነሥቶ ነው። በዚያ በብዛት የሚኖሩት የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የትውልድ ሐረግን መመዝገብና የቤተሰብን ታሪክ መጠበቅ ከሃይማኖታዊ ኃላፊነታቸው አንዱ አድርገው ስለሚቆጥሩት፣ ፎቶግራፍና ጽሑፍን አዋሕዶ ማኖር ለእነርሱ ከመዝናኛ ያለፈ ትርጉም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1980 ማሪኤለን ክሪስተንሰን የተባለች የዩታ ነዋሪ ያዘጋጀቻቸውን የቤተሰብ ጥራዞች በሶልት ሌክ ሲቲ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የመዛግብት ጉባኤ ላይ አሳየች፤ በተከታዩ ዓመትም ከባለቤቷ ጋር ሆና ስፓኒሽ ፎርክ በተባለች ከተማ ለሥራው የሚሆን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ1987 በሚኒሶታ ግዛት የተመሠረተው ክሪኤቲቭ ሜሞሪስ የተባለው ድርጅት ደግሞ አልበሞቹን በየቤቱ በሚደረጉ የሴቶች ስብሰባዎች አማካይነት እየሸጠ ልማዱን በመላው አገሪቱ አሰራጨው።

የእነዚህ ጀማሪዎች ዋና ጭንቀት ውበት ሳይሆን ዕድሜ ነበር። ርካሽ ወረቀት በውስጡ አሲድ፣ እንዲሁም ከእንጨት የሚመጣና ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወረቀቱን ቢጫ የሚያደርግ ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው፣ በጊዜ ብዛት ራሱም ይሰባበራል፣ የተለጠፈበትንም ፎቶግራፍ ያበላሻል። ከዚህ የሚብሰው ገጹ በሙጫ የተቀባና በላስቲክ የሚሸፈን አልበም ሲሆን፣ ሙጫው ሲደርቅ ፎቶግራፉን ሳይቀዱ ማውጣት አስቸጋሪ ይሆናል፤ ይህን ዓይነቱን አልበም በአሜሪካም ሆነ በአዲስ አበባ የገዙ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከአሲድ ነጻ የሆነ ወረቀትና ከፎቶግራፉ ጎን የሚሰፍር ጽሑፍ፣ የስክራፕቡክ ሠሪዎች «ጆርናሊንግ» የሚሉት፣ የሥራው ሁለት ምሰሶዎች ሆኑ። ኋላ የመጡት ፋሽኖች የሚመዘኑትም በእነዚህ ነው።

የሚያናድዱት ፋሽኖች

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተለመደው ፋሽን ፎቶግራፉን ራሱን በልብ፣ በኮከብ ወይም በክብ ቅርጽ መቁረጥ፣ ዳሩንም ሞገድ በሚያወጣ መቀስ መከርከም ነበር። የልጁ ፊት በልብ ቅርጽ ተቆርጦ ሲወጣ የተጣለው ቁራጭ የቤቱን ግድግዳ፣ በር ላይ የቆመውን መኪና፣ ከጀርባ ሻይ የምትቀዳውን አክስት ይዞ ይሄድ ነበርና፣ ብዙዎቹ ሠሪዎች ዓመታት ካለፉ በኋላ የተጸጸቱት በዚህ ነው። ፎቶግራፉ ሲነሣ ትርፍ የሚመስለው ጀርባ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዋናው ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነገርን በነገር ላይ መደራረብ ነው። አንድ ትንሽ ፎቶግራፍ ከሥሩ አምስትና ስድስት ወረቀት፣ ከላዩም ሪባን፣ ቁልፍ፣ የወረቀት ጽጌረዳና የዕንቁ አምሳያ ዶቃ ይጫንበታል፤ በዚህ ዓይነት የተሠሩ ገጾች ከመወፈራቸው የተነሣ አልበሙ አይዘጋም፤ ከቁልፉና ከሽቦው የሚመጣው ግፊትም ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ይሰረጉዳል። ከዚሁ ጋር የሚቆጠረው ገጹን በቀለም ጠብታ መርጨት፣ የወረቀቱን ጠርዝ መቅደድ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅና በቡናማ ቀለም ማጥቆር፣ ማለትም ትናንት የታተመን ነገር የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ማስመሰል ነው። ወረቀት እንዳያረጅ ተብሎ የተጀመረ ሥራ ወረቀትን በገዛ እጅ ወደ ማስረጀት መዞሩ የጥንቶቹን ሠሪዎች ቢያበሳጭ አይገርምም።

ሦስተኛው ቅሬታ በፋብሪካ በታተሙ ቃላት ላይ ያነጣጠረ ነው። «ኑር፣ ሳቅ፣ ውደድ» ወይም «ከሁሉ የበለጠ ቀን» የሚሉ ስቲከሮች በሺህ ቤቶች አልበም ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ስለሚለጠፉ፣ ስለ አንድ ቤተሰብ የሚናገሩት ነገር የለም፤ የባሰውም ሠሪዋ እነርሱን ከለጠፈች በኋላ ታሪኩ የተጻፈ ስለሚመስላት የራሷን ቃል ሳታክል ገጹን መዝጋቷ ነው። የምስል ፋሽኖችም እንዲሁ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ጉጉት፣ ፂም፣ ቀስትና የዚግዛግ መስመር የሌለበት ወረቀት ማግኘት አስቸጋሪ እስኪሆን ድረስ ገበያውን ሞልተውት ነበርና፣ የዚያ ዘመን ገጽ ሲታይ መጀመሪያ የሚታወቀው የወረቀቱ ፋሽን ዓመት እንጂ የቤተሰቡ ማንነት አይደለም። የዚህ ሁሉ ዳርቻ ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች አሮጌ ፎቶግራፎች ለጌጥ በጥቅል መሸጣቸው ነው፤ የሌላ ሰው አያት በገንዘብ ተገዝታ የገጽ ማሳመሪያ ስትሆን፣ አልበሙን የሚወርሰው ልጅ የትኛዋ የእርሱ ዘር እንደሆነች የሚለይበት መንገድ የለውም።

በሌላ ወገን የተነሣው ፋሽን ከዚህ ሁሉ ሸክም መገላገልን የሚሻ ነው። ቤኪ ሂጊንስ የተባለች አዘጋጅ «ፕሮጀክት ላይፍ» በሚል ስም ያስፋፋችው ዘዴ፣ ኪስ ባላቸው የላስቲክ ገጾች ውስጥ ፎቶግራፎችንና የጽሑፍ ካርዶችን እያፈራረቁ መክተት ብቻ ስለሆነ፣ መቀስና ሙጫ የማያስፈልገው ቀላል ሥራ ነው። የእጅ ጥበብ ወዳዶቹ ይህን የሰነፍ ዘዴ ብለው ሲነቅፉት፣ ደጋፊዎቹ ግን የተጀመረ አልበም የሚፈጸመው በዚህ ብቻ ነው ብለው ይከራከራሉ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የላስቲኩ ኪስ እንግዳ አይደለም፤ የአገር ቤቱም አልበም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነውና። ልዩነቱ በጽሑፍ ካርዱ ላይ ነው።

የአገር ቤቱ ልማድ

በኢትዮጵያ ፎቶግራፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥት ሥር ሰድዶ፣ አርመናውያኑን የቦያጂያን ቤተሰብ በመሰሉ ባለሙያዎች እጅ እየተስፋፋ ወደ ከተሜው ቤት የገባ ጥበብ ነው። ከዚያ ወዲህ በከተማ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ሁለት ቦታ ይዟል፤ አንዱ የምረቃው፣ የሰርጉና የሟች ወላጆች ምስል በትልቁ ታጥቦ የሚሰቀልበት ግድግዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለእንግዳ ቡና እስኪፈላ የሚሰጠው አልበም ነው። እንግዳው ገጹን ሲገልጥ ባለቤቲቱ ከጎኑ ሆና ይህ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ይህቺ ሚዜዬ ነበረች፣ ይህ ደሴ ሳለን የተነሣነው ነው እያለች ትተርካለች። ስለዚህ በአልበሙ ላይ የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ ጽሑፉ የባለቤቲቱ አንደበት ነበር። ከዚህ ልማድ የሚለየው ለወዳጅ የሚሰጥ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ በጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ የሰጪውና የተቀባዩ ስም፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍበት ስለነበር፣ ዛሬ በየቤቱ ከሚገኙት አሮጌ ፎቶግራፎች ታሪካቸው ሊታወቅ የሚችለው በአብዛኛው እነዚህ ናቸው።

ለስክራፕቡክ እጅግ የሚቀርበው የአገር ቤት ልማድ ግን የተማሪዎች አውቶግራፍ ነው። ይህ ተማሪዎች በተለይ የስምንተኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርሱ በየጓደኞቻቸው እጅ የሚያዞሩት ደብተር ሲሆን፣ ጓደኛው ጉርድ ፎቶውን ለጥፎ፣ ስሙን፣ የሚወደውን ቀለምና ምግብ፣ የወደፊት ምኞቱንና ስለ ደብተሩ ባለቤት ያለውን አስተያየት የሚሞላበት፣ ዳሩም በልዩ ልዩ ቀለም እስክሪብቶ በአበባና በቀስት በተወጋ ልብ የሚያጌጥ ነው። በአውቶግራፍም ላይ ቅሬታ አይጠፋም፤ ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው የሚገለበጡ ግጥሞች የጓደኛን ቃል ተክተው ሲገኙ፣ ደብተሩ ሃያ ሰው ጽፎበት የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ያለው ይሆናል። ይኸው ልማድ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ መጽሔት ሲሸጋገር፣ በእያንዳንዱ ተመራቂ ፎቶ ሥር የሚሰፍረው የስንብት ቃል ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት የተቀዳ የእንግሊዝኛ ጥቅስ መሆኑ ከአሜሪካው ስቲከር አይለይም። የሰርግ አልበሙም የራሱ ፋሽን አለው፤ ሙሽሮቹ በኮምፒውተር ሄደውበት በማያውቁት ፏፏቴ ወይም የአውሮፓ ግንብ ፊት እንዲቆሙ ይደረጋል፤ የፊታቸውም ቀለም ይነጣል፤ በገጹም ላይ ስለ ፍቅር የሚናገር የእንግሊዝኛ ሐረግ ይታተማል፤ በአንጻሩ የሽማግሌዎቹና የሚዜዎቹ ስም የትም አይገኝም።

ሁለቱ ሲነጻጸሩ

እንግዲህ ሁለቱ ልማዶች የሚለያዩት ታሪኩን በሚያኖሩበት ቦታ ነው። አሜሪካዊቷ ታሪኩን በገጹ ላይ ስታኖር፣ ፋሽኑ በጌጥ ብዛት ያፍነዋል፤ ኢትዮጵያዊቷ በአንደበቷ ስታኖረው፣ እርሷ ስታልፍ አብሮ ያልፋል። የአሜሪካውያኑ ብስጭት ተገቢ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚነቅፏቸው ፋሽኖች በመልክ ቢለያዩም አብዛኞቹ የሰውን ስምና ቃል ከገጹ ላይ ገፍተው በቦታው የተገዛ ነገር የሚያስቀምጡ ናቸው። በአንጻሩ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ስም፣ ቦታና ቀን የያዘ ገጽ እምብዛም ሲያናድድ አይታይም።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ላይ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወይም በስቶክሆልም የሚያድግ ልጅ አያቱ አጠገቡ ተቀምጣ አልበሙን የምትተርክለት ዕድል ጠባብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ከተጓዙት ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹም ንብረታቸውን ጥለው ስለሄዱ፣ ለእነርሱ የተረፈ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ያለው ዋጋ በጌጥ ሊለካ አይችልም። ከሱቅ የሚገዛው የስክራፕቡክ ዕቃ ደግሞ ለዚህ ሕይወት ተብሎ አልተሠራም። የቤተሰብ ስም የሚሞላበት የታተመ ርዕስ ባል፣ ሚስትና ልጆች አንድ የጋራ ስም እንዳላቸው ይገምታል፤ በኢትዮጵያ ልማድ ግን ሚስት የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች፣ ልጆችም በአባታቸው የመጀመሪያ ስም ይጠራሉ። የበዓሉ ወረቀት ታኅሣሥ 16 ቀን የሚውለውን የፈረንጆች ገና ያውቃል፤ የታኅሣሥ 29ኙን ገናና የእንቁጣጣሹን አደይ አበባ ግን አያውቅም። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ በፎቶግራፍ ጀርባ «1987» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1994 መስከረም እስከ 1995 መስከረም ያለውን ዘመን ስለሚያመለክት፣ አቆጣጠሩ ካልተገለጸ የልጅ ዕድሜ በሰባትና በስምንት ዓመት ይዛባል።

ስለዚህ በውጭ አገር የሚኖር ቤተሰብ ከአሜሪካው ልማድ ሊወስድ የሚገባው ወረቀቱንና ዶቃውን ሳይሆን ጆርናሊንጉን፣ ማለትም ከፎቶግራፉ ጎን የመጻፍን ልማድ ነው። ከአሲድ ነጻ የሆነ ተራ ነጭ ወረቀት፣ ፎቶግራፉን ያለ ሙጫ የሚይዝ የማዕዘን መያዣና አንድ የማይለቅ እስክሪብቶ ለሥራው በቂ ናቸው። በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር የሰዎቹ ስም እስከ አያት፣ የተነሡበት ቦታ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የተገለጸ ቀን፣ እንዲሁም የተሰበሰቡበት ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ የሚቻል ከሆነ በአማርኛም ልጆቹ በሚያነቡት ቋንቋም ይሁን። የቀረውን ማስጌጥ የሚሻ ያስጊጥ። ይህ ግን ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም፤ ስሞቹን የሚያውቁ እናቶች፣ አባቶችና አያቶች በሕይወት ሳሉ፣ በአካል ካልተቻለም በስልክ እየተጠየቁ፣ ዛሬ መጻፍ አለበት።