በደንገል ታንኳ ላይ የተተከለው የዓሣ ጠቋሚ

የጣና ሐይቅ በኢትዮጵያ ከሚገኙት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,780 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ በአማካይ 8 ሜትር፣ እጅግ በጠለቀበትም ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። ከዳር ቆሞ ለሚመለከተው ሰው ጣና ሁሉ አንድ ዐይነት ውሃ ይመስለዋል። ከውሃው በታች ግን ዳገትና ቁልቁለት፣ ጭቃና ድንጋይ፣ ዓሣ የሚውልበትና ዓሣ የማይደርስበት ቦታ አለ።

ይህን ከዐይን የተሰወረ ወለል በድምፅ እየዳሰሰ የሚያሳይ መሣሪያ በዘመናችን በእጅ ተይዞ የሚዞር ሆኗል። እኛም አሠራሩን በጣና ላይ ለመመልከት ወደ ባሕር ዳር ሄድን፤ ከሐይቁም ዳር አንዲት የደንገል ታንኳ ከነቀዛፊዋ ተከራየን። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ውሃውን ስለሚያናውጠው፣ ጕዟችንን በማለዳ አደረግን። የመንሳፈፊያ ሰደርያም ሁላችንም ለበስን።

ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ እየታሰረ ይያያዛል። በውስጡ አየር ስላለ ይንሳፈፋል፤ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ግን ይከብዳል፣ ውሎ አድሮም ይበሰብሳል። ምስማር የሚመታበት ወይም ብሎን የሚጠብቅበት ሳንቃ የለውም። ከመሣሪያው ጋራ የመጣው ማሠሪያ ለእንጨትና ለፋይበር ጀልባ ጠርዝ የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «በምን እናሥረው?» የሚል ነበር።

ለጥያቄው መልስ የሰጡት ቀዛፊው ሽማግሌ ናቸው። «ልጆቼ፣ ደንገል የሚወደው ገመድ ነው እንጂ ብረት አይደለም» አሉን። ወዲያውም አንድ በትር በታንኳዋ ላይ አጋድመው አሠሩ፤ በበትሩ ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ አጭር ሽመል ቁልቁል ወደ ውሃው አቁመው በገመድ አጠበቁት።

መሣሪያው ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ምስል የሚታይበት ስክሪን፣ ሁለተኛው ድምፅን የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል፣ ሦስተኛው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ድምፅ ላኪውን ከሽመሉ ታች አሥረን፣ ከውሃው ገጽ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ እንዲል አደረግነው። ፊቱ በቀጥታ ወደ ታች ማየት አለበት፤ ካዘነበለ ጥልቀቱን አብዝቶ ያሳያል። ወደ ላይ ቢቀርብ ደግሞ ቅዘፋው የሚያስነሣው አረፋ ድምፁን ያግደዋል። ስለዚህ ከቀዛፊው ቦታ አራቅነው። ባትሪውን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጨምረን ከፍ ካለው የደንገል ነዶ ላይ አኖርነው፤ ታንኳ ሁልጊዜ ከሥሩ ውሃ ያስገባልና። ቀዩን ሽቦ ከፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን ከኔጋቲቩ ጋራ ካገናኘን በኋላ መሣሪያውን ከፈትነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው የሰው ጆሮ ሊሰማው የማይችል ቀጭን ድምፅ ወደ ታች ይልካል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 1,480 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ 8 ሜትር ወርዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሴኮንድ አንድ መቶኛ ብዙም አይበልጥም። መሣሪያው ይህን ጊዜ ቈጥሮ ጥልቀቱን በአኃዝ ይጽፋል። ብዙ ዓሦች በሆዳቸው ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ድምፁን ስለሚመልሰው፣ በስክሪኑ ላይ እንደ ቅስት ሆነው ይታያሉ። ድምፁ እንደ ባትሪ መብራት ጨረር ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል፤ ሆኖም 20 ዲግሪ የሚከፈት ጨረር በ8 ሜትር ጥልቀት የሚዳስሰው ክብ ወርዱ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም።

ወደ ደብረ ማርያም ደሴት አቅጣጫ ስንቀዝፍ፣ ሽማግሌው ውሃውን ተመልክተው «ሁለት ቁመት ይሆናል» ባሉበት ስፍራ መሣሪያው 3.4 ሜትር ጻፈ። ጥቂት ቆይቶም ሦስት ቅስቶች ታዩ። «አባታችን፣ ይህ ዕቃ ለዓሣ አስጋሪ ይጠቅማል?» ስንል ጠየቅናቸው።

«ዓሣው ያለበትንስ እኛም እናውቃለን» አሉ። «በክረምት ነጭ ዓሣ በጉማራና በርብ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ መረብ የጣለ ሰው ብዙ ያገኛል፤ ነገር ግን የከርሞውን ነው የሚበላው።»

የሽማግሌው ቃል ከምሁራን ጥናት ጋራ ይስማማል። በጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ተለይተዋል። ከእነርሱም ገሚሱ ያህል በክረምት ወራት ዕንቁላል ለመጣል ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ግልገል ዓባይን የመሳሰሉትን ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዞቹ አፍ ስለሚከማቹ፣ በአንድ መረብ ብዙ እናቶች ይያዛሉ። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ምርምር፣ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ብዛት ከአራት ሦስት እጅ ያህል መቀነሱ ተገልጿል። የዓሣ ሀብት በሥርዓት እንዲለማና እንዲያዝም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 315 ወጥቷል።

እንግዲህ የዓሣ ጠቋሚ መሣሪያ ጥቅሙ ብዙ ነው። ጀልባ ነጂውን ከድንጋይ ያድነዋል፤ አጥኚው ዓሣውን ሳይገድል እንዲገምት ይረዳዋል፤ በበጋ የሚያሰግረውንም ሰው ከከንቱ ድካም ያሳርፈዋል። በክረምት ግን ይኸው መሣሪያ በወንዝ አፍ ላይ ከተተከለ፣ ጥቂት የቀረውን ነጭ ዓሣ ለመረብ አሳልፎ ይሰጣል። መሣሪያው ዓሣው የት እንዳለ ይነግረናል፤ ዓሣውን መቼ መተው እንደሚገባ የሚወስነው ግን ታንኳዋን የያዘው ሰው ነው።