ሐይቅና አምባሰል፤ ውሃውና አስተዳደሩ

አንባቢ ሆይ፤ ከደሴ ተነሥተው ወደ ወልድያ ሲጓዙ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንዳለፉ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ። ከተማዪቱ ስሟን የወሰደችው በስተ ምሥራቋ ከተኛው ውሃ ነው፤ ስለዚህ አንድ እንግዳ «ሐይቅ ደረስሁ» ቢል ከተማውን ይሁን ውሃውን ማለቱ አይለይለትም።

ውሃው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ባንዳንድ ስፍራ ከ80 ሜትር ያልፋል። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሣው የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል፤ የገባውን ደግሞ ፀሐይ ታተንነዋለች። እንግዲህ ከላይ ለመስኖ የተጠለፈ ውሃ ከታች ሳይጎድል አይቀርም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያን ጊዜ ደሴት ነበረ። ውሃው ስለ ሸሸ ዛሬ ወንዶች በእግራቸው ይገቡበታል፤ ሴቶች እንደ ጥንቱ አይገቡም።

አሁን ወደ አስተዳደሩ እንምጣ። አምባሰል ቀድሞ «ጃንጥራር» የሚባል ማዕርግ ያለው የራሱ ገዥ ነበረው፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከነዚህ አንዱ ነበሩ። በኋላም ከወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ አውራጃ ቀርቶ ክልል፥ ዞን፥ ወረዳና ቀበሌ ሲተኩ የጥንቱ አገር ተከፋፈለ። ዛሬ አምባሰል የወረዳ ስም ነው፤ ዋና ከተማው ውጫሌ ነው፤ ይኸውም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል የሚጠራበት ስፍራ ነው። ሐይቅ ግን የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። የአምባሰልን ቅኝት ወድዶ የመጣ ሰው ሐይቅ ላይ ከመኪና ቢወርድ፥ ወደ ሰሜን ገና መንገድ ይቀረዋል!

ወረዳ የራሱ ምክር ቤትና በጀት አለው፤ ከ1994 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ከክልሉ የሚሰጠውን ገንዘብ ራሱ ይደለድላል። ችግሩ ውሃው ላይ ነው። ላይኛው ገበሬ ካላጠጣ አትክልቱ ይደርቅበታል፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ የተጨመረውን የቆሮሶ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ደግሞ ኑሮው ከዳርቻው ጋር ይሸሻል። ሁለቱም ለአቤቱታ የሚሄዱት ወደ መንግሥት ቢሮ ነው፤ ከጠረጴዛው ኋላ የሚያገኙትም እንደ እርስዎ ያለ ወጣት ጸሐፊ ነው። ወደዚህ አገር ቢመደቡ ከወረዳው ካርታ ጋር የአንከርካን መንገድ የሚያሳየውንም ይጠይቁ።