በአምፖል ብርሃን የተነሱ ፊቶች

እስቲ የቤታችሁን አሮጌ አልበም አውጥታችሁ ገልጡ። በፊልም ካሜራ፣ በምሽት፣ ቤት ውስጥ የተነሳ የቀለም ፎቶ ካገኛችሁ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ነገር ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ነው። መብራቱ ፍሎረሰንት ከነበረ ደግሞ ፊቶቹ ወደ አረንጓዴ ያደላሉ።

ያን ምሽት እዚያ የተቀመጠ ሰው ግን ቤቱ ቢጫ ሆኖ አልታየውም። ዓይናችን መብራቱን ስለሚለምድ ነጩን ነጠላ ነጭ አድርጎ ያሳየናል። ፊልም አይለምድም። የተለመደው የቀለም ፊልም የተሠራው ለቀን ብርሃን፣ ለ5500 ኬልቪን ገደማ ነው። የቤት አምፖል ግን ወደ 2800 ኬልቪን ይጠጋል፤ ቀይና ቢጫ ይበዛበታል፣ ሰማያዊ ያንሰዋል። ፊልሙ አልዋሸም፤ የደረሰውን ብርሃን መዘገበ።

በአጥቢያችን የአባቶችንና የእናቶችን ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተር እያስገባን ነው። የብዙ አጥቢያዎች በር በተዘጋበት በደርግ ዘመን ምእመናን በየቤቱ ተሰብስበው ይጸልዩ ስለነበር፣ የዚያን ጊዜ ፎቶ እምብዛም አይገኝም። አንዲት እናት ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱን ከነኔጋቲቩ ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ከዚህ ሌላ የቀለም ፎቶ የላቸውም። “ጠይም ነበር እኮ፤ ልጆቹ ብጫ ሰው መስሏቸው ቀረ” አሉን።

ስካን ያደረግነው ከኔጋቲቩ ነው። የታተመው ፎቶ ጠርዙ ጭምር ቢጫ ሆኗል፤ ያ ከአምፖሉ ሳይሆን ከወረቀቱ እርጅና የመጣ ነው። ቀጥሎ ቀለሙን የምናውቀውን ነገር ፈለግን፤ የአንዲት ሴት ነጠላ አገኘን። ጥበቡን ትተን ነጩን ቦታ መረጥንና ኮምፒውተሩን “ነጭ ይህ ነው” አልነው። ከቀለም ቅብ ግድግዳ አጠገብ ያለ ነጠላ የግድግዳውን ቀለም ስለሚጋራ፣ ራቅ ያለውን መምረጥ ይሻላል። ነጩ ሲስተካከል ፊቶቹም አብረው ተስተካከሉ።

ሁሉም ግን አይመለስም። በአምፖል ብርሃን ሰማያዊው በፊልሙ ላይ በጣም ጥቂት ነው፤ በግድ ከፍ ስናደርገው ጥላው በነጠብጣብ ይሞላል። ጨለማው ጥግ ላይ ፊልሙ የያዘው ነገር ከሌለ ኮምፒውተር ከየት ያመጣዋል? ፊት ፈጥሮ መሙላት ደግሞ ለእኛ የተፈቀደ አይደለም።

ሁለት ዓይነት አድርገን አሳየናቸው፤ አንዱ ጨርሶ የጠራ፣ ሌላው ጥቂት ቢጫ የቀረበት። እናታችን ሁለተኛውን መረጡ። “ማታ ነበር፤ ማታ ይምሰል” አሉ። የባለቤታቸው ጠይም ፊት በሁለቱም ላይ ነበረ።

ከዚያ ጣታቸውን ጨለማው ጥግ ላይ አድርገው እዚያ የተቀመጡትን ሦስት ሰዎች በስም ጠሩልን። እኛም ስሞቹን ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፍን። ወገኖች፣ በየቤታችሁ እንዲህ የሚያስታውሱ እናቶችና አባቶች ካሉ አልበሙን ይዛችሁ ዛሬውኑ አጠገባቸው ተቀመጡ።