በራይን ዳር የታወቀችው ጥቁር አውቶሞቢል

በጀርመን አገር ከቦን ከተማ ጥቂት ወደ ደቡብ፥ በራይን ወንዝ ቀኝ ዳር፥ ሮንዶርፍ የምትባል መንደር ትገኛለች። ከበስተኋላዋ ሰባቱ ተራሮች የሚባሉት ይታያሉ። ከዳገቷ ላይ ጽጌረዳ በበዛበት አትክልት መካከል ያለው ቤት የኮንራድ አደናወር ቤት ነበረ፤ ዛሬ ጎብኚዎች ያዩታል። አደናወር በ1949 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በኤሮፓ አቈጣጠር ነው) የምዕራብ ጀርመን ቻንስለር፥ ማለት ጠቅላይ ሚኒስትር፥ ሲሆኑ ዕድሜያቸው 73 ዓመት ነበረ። መሥሪያ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ በቦን ስለ ነበረ፥ ከቤታቸው ረጅሙን ደረጃ ወርደው ከነአውቶሞቢላቸው በጀልባ ራይንን ይሻገሩ ነበር።

አውቶሞቢሏ መርሴዴስ ቤንዝ 300 ናት። በአፕሪል 1951 ዓ.ም. በፍራንክፉርት ትርኢት ለሕዝብ ታየች። አራት በር ያላት፥ ጣራዋ ከፍ ያለ፥ የኋላ ወንበሯ የሰፋ ናት፤ ባለ 6 ሲሊንደሩ የ3 ሊትር ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፥ በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ያስኬዳታል። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ሰውና ዕቃ ከኋላ ሲበዛባት ነጂው ከፊቱ ያለችውን ቍልፍ ሲነካ፥ በኤሌክትሪክ ኃይል ተጨማሪ ሞላ ሥራውን ይጀምርና አካሏ ተስተካክሎ ይቆማል። በዚያን ዘመን ይህ ቀላል ጥበብ አልነበረም።

ነገር ግን ውበቷን ብቻ አይቶ ማለፍ ተገቢ አይመስለንም። የሠራት ኩባንያ ከዚያ በፊት ለሒትለርና ለሹማምንቱ ታላላቅ አውቶሞቢሎች ይሠራ ነበር። በ1944 ዓ.ም. ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ተገደው የሚሠሩ የባዕድ አገር ሰዎችና እስረኞች ነበሩ፤ በሽቱትጋርትና በዚንደልፊንገን ያሉት ፋብሪካዎቹም በአየር ድብደባ ፈረሱ። ከ7 ዓመት በኋላ ይህች አውቶሞቢል ስትወጣ፥ ለጀርመኖች የእጅ ሥራቸው መመለሱን የምታበሥር ሆነች፤ ለጎረቤቶቻቸው ግን ያንን ክፉ ዘመን ሳታስታውስ አትቀርም። ስሟን ያደሰላት ከሞተሯ ይልቅ ሽማግሌው መንገደኛዋ ይመስለናል።

በኖቬምበር 1954 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ቦን በሄዱ ጊዜ፥ ከጦርነቱ ወዲህ ምዕራብ ጀርመንን የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ አገር ርእሰ መንግሥት ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት በሴፕቴምበር አደናወር ወደ ሞስኮ ሲሄዱ፥ አውቶሞቢላቸው በልዩ ባቡር ተጭና ሄደች። ከዚያ ንግግር በኋላ በሩሲያ የቀሩት 10 ሺህ ያህል የጦር እስረኞች ተመለሱ። እናቶችና ሚስቶች የጠፉባቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ ይዘው በፍሪድላንድ ሰፈር ከመጡት አንዳንዱን «ይህን ሰው አይተኸዋልን?» እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ ብዙዎቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

አውቶሞቢሏ ከ11 ሺህ በላይ ከተሠራች በኋላ በ1962 ዓ.ም. ሥራዋ ቆመ። ሰዎች ግን እስከ ዛሬ «አደናወር» እያሉ ይጠሯታል። ባለስሙ በ1967 ዓ.ም. በሮንዶርፍ ሲያርፉ፥ አስከሬናቸው ከኮሎኝ የጸሎት ሥርዓት በኋላ ወደ መንደራቸው የተመለሰው በመርከብ ተጭኖ፥ ራይንን ሽቅብ እየሄደ ነበር።