የቡና ብር በመቱ

የእህቴ ልጅ በዩኒቨርሲቲ ምደባ መቱ ደረሰው። እናቱ «አንተ አድርሰህልኝ ና» ስላለችኝ በኅዳር ሦስተኛ ሳምንት አብረን ከአጋሮ ተነሳን።

ከቤት ስንወጣ አባቱ 15,000 ብር በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው። «ይህ እሸቱን ለመፈልፈያ ሸጬ ያገኘሁት ነው። ጀንፈሉ ገና አልጋ ላይ ነው፤ እስከ የካቲት ድረስ ሌላ የለኝም» አለው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ የዴዴሳን ድልድይ እስኪሻገር ድረስ እጁ ከውስጥ ኪሱ አልተነሳም። እንዲህ ያለ ብር በአንድ ጊዜ ይዞ አያውቅም።

በደሌ ምሳ በላን፣ ዙህርና ዐስርን ሰብስበን ሰገድን። ከበደሌ ወደ ምዕራብ ሲኬድ የያዮ ደን ይመጣል። ይህ ደን ቡና በዱር የሚበቅልበት በመሆኑ በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅነት ተመዝግቧል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሴቶች ቅርጫት አንግተው ይለቅማሉ፤ በየግቢው ደጃፍ በተዘረጋው አልጋ ላይ ቀይ ቡና ወደ ጥቁርነት ይለወጣል። ሁሩሙ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ከአጠገባችን ተቀምጠው ነበርና ስለ ዘንድሮው ምርት ጠየቅኋቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አሉኝ። «ችግሩ ቡናው አይደለም። የኅዳር ብር ሰኔን አያይም። ሐምሌ ላይ ብር ሊያበድርህ የሚመጣ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ቡናህን በዓይኑ ሰፍሮ ነው የሚመጣው።»

ቡና በአበባው ወይም በጥሬው መሸጥ በቡና አገር ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ገበሬው በችግሩ ወቅት ጥቂት ብር ይቀበላል፤ ምርቱ ሲደርስ ገበያው የፈለገውን ያህል ቢወጣ ትርፉ የሌላ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ ብስለቱ ሳይታይ እንዳይሸጥ መከልከላቸውን በልጅነቴ ኪታብ ስቀራ ተምሬያለሁ። ዋጋው አስቀድሞ በሙሉ ተከፍሎ፣ ዓይነቱ፣ መጠኑና መረከቢያው ቀን ተለይቶ የሚደረገው የሰለም ውል ሌላ ነው፤ በአንድ በታወቀ ማሳ ፍሬም አይታሰርም። ያን ጊዜ ግን ኪታቡን ከቤታችን ጋር አላገናኘሁትም ነበር።

የማገናኘው ነገር ስላለኝ ሽማግሌው ከወረዱ በኋላ ለልጁ የራሴን ነገርኩት። በ2000 ዓ.ም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አባቴ (አላህ ይዘንላቸው) ለመንፈቅ ዓመት 1,500 ብር ሰጡኝ። በስድስት ሳምንት አለቀ። ጫማ ገዛሁ፤ ያገለገለ ሞባይል ገዛሁ፤ የቀረውን ጓደኛ ስጋብዝ ጨረስኩት። እንደ ድሃ ልጅ እንዳልታይ ነበር። ከዚያ ከአንድ ልጅ 300 ብር ተበድሬ 360 ልመልስ ተስማማሁ። ይህ ሪባ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ሰባት ዓመት መድረሳ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ቀኑ ሲደርስ መጋቢት ላይ ወደ ቤት ደውዬ «መጽሐፍ ግዛ ተብያለሁ» አልኩ። ብሩ በሳምንቱ ደረሰኝ። ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም። አባቴ ከሞቱ በኋላ እናቴ በወሬ መካከል የዚያን ዓመት ቡና በአበባው እንደሸጡት ነገረችኝ። በመኸሩ እሷና እህቴ የለቀሙት የሰው ቡና ነበር።

«እማዬ ታውቃለች?» አለኝ ልጁ።

«በእጇ የለቀመችውን እንዴት አታውቅም? ለምን እንደተሸጠ ግን እስከዛሬ አልነገርኳትም» አልኩት። እስከ መቱ ድረስ ብዙ አላወራንም።

መቱ ስንደርስ ይዘንብ ነበር። ይህ አካባቢ በዝናብ ብዛት በአገራችን ከሚጠቀሱት ግንባር ቀደሙ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ቦቲ ጫማና ጃንጥላ ሆነ። ብርድ ልብስ፣ ቁልፍና ባልዲ ሲጨመር 3,200 ብር ወጣ። ለመመለሻ ትራንስፖርት 800 ብር ለብቻ አስቀመጥን። ማታ በአልቤርጎው ወረቀት ላይ ስናሰላው 11,000 ብር ቀረ፤ እስከ የካቲት መጨረሻ 14 ሳምንት አለ። በሳምንት 700 ቢያወጣ 9,800 ይሆናል፤ የቀረው 1,200 ለሕመምና ለሰደቃ። ልጁ ሰደቃውን «ከራሴ ሳልተርፍ?» ብሎ ሊሰርዘው ፈለገ። በዶርሙ ውስጥ የአውቶቡስ ብቻ ይዞ የመጣ ልጅ አይጠፋም ብዬ 200ውን አስቀረሁት።

በማግሥቱ ንግድ ባንክ ሄደን በወለድ አልባው አገልግሎት ሒሳብ ከፈተ። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ያለ አማራጭ አልነበረም፤ ዛሬ በየባንኩ መስኮት አለ፣ ከ2013 ዓ.ም ወዲህም እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። ገንዘቡን በሙሉ ወደ ስልኩ እንዳያዛውር ግን አስጠነቀቅሁት። በኪስ ያለ ብር ሲሳሳ በእጅ ይታወቃል፤ የስልኩ ግን ቁጥር ብቻ ነው፤ የኳስ ውርርዱም የሚጫወቱት በዚያው ስልክ ነው። «ቤቲንግ» ብለው በሌላ ስም ቢጠሩትም ቁማር ነው፤ ወጣቱን የሚያታልለው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት የሚበላው ትንሽ ብር ነው።

የወጪ መጋራቱን ውልም ሳያነብ እንዳይፈርም ነገርኩት። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪው የምግቡን፣ የመኝታውንና ከትምህርቱ ወጪ ከፊሉን ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይፈርማል። ብዙዎች እንደ መመዝገቢያ ወረቀት ያዩታል፤ ነገር ግን ዕዳ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ እስኪወስድ ድረስ አልሰገዱበትም። በቁርአንም ረጅሙ አያ ስለ ብድር አጻጻፍ መሆኑን ልብ ይሏል። ቅጂውን ማስቀመጥ፣ ከጓደኛ የተበደሩትንም 50 ብር ቢሆን መጻፍ ከዚሁ ይመደባል።

አንድ ቀን ስለተረፈኝ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ጎሬ ወጣን። ከመቱ በፊት የኢሉባቦር ዋና ከተማ እሷ ነበረች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቡናው ከዚህ በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በመርከብ እስከ ካርቱም ይሄድ ነበር፤ ነገር ግን መርከቡ የሚመጣው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነው። ነጋዴውም ዓመቱን በዚያች ወቅት ያሰላ ነበር። ልጁ ቁልቁለቱን እያየ «መርከቡ ቢያመልጣቸውስ?» አለ። «ሌላ ክረምት ነዋ» አልኩት።

በታኅሣሥ መጨረሻ ደወለልኝ። ብር ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ልቤ ዘሎ ነበር።

«አጎቴ፣ አባዬ ጀንፈሉን ሸጠ እንዴ?»

«ገና ነው፤ አልጋ ላይ ነው።»

«እንዳይቸኩል ንገረው። እዚህ ዋጋው እየጨመረ ነው ይላሉ» አለኝ።