ጠረጴዛው የማን ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ላንሣላችሁ። ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስትወርዱ፣ ወይም በአራዳ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ስታልፉ፣ በር ላይ የቆመ ጆተኒ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አራት ልጆች እጀታውን ጨብጠው ሲጮኹ፣ ሌሎች ደግሞ ተራ ይዘው ሲጠብቁ አይታችሁ ይሆናል። ከእነዚህ መካከል ስንት ሴት ልጅ ቆጠራችሁ?

እኔ ያደግሁት ፒያሳ ነው። ብዙ ጊዜ ቆጥሬአለሁ፤ መልሱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ዜሮ ነበር። ፑል ቤቱም፣ ከረምቡላ ቤቱም፣ አባቶች ዳማ የሚጫወቱበት አግዳሚ ወንበርም እንዲሁ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከአሮጌዎቹ የፒያሳ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪው ወደየዳርቻው ሄዷል። ሰፈር ሲነሣ ግን ልማዱንም ጠቅልሎ ይሄዳል። እኔ በማውቀው አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ጆተኒው ተተክሏል፤ ከበውት የሚውሉትም ያው ወንዶች ልጆች ናቸው።

ንግግራችንንም ልብ በሉት። ወንዱን ልጅ "የአራዳ ልጅ ነው" ስንለው ነቄ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው ማለታችን ነው፤ ምስጋና ነው። እኅቱ በዚያው መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ብትቆም ግን "ወንዳ ወንድ" ትባላለች፤ ሲብስም "ዱርዬ"። መንገዱ አንድ፣ ጨዋታው አንድ፣ ስሙ ግን ሁለት!

"ታዲያ ምን ይደረግ? እንኳንም አልሄደች! እዚያ እኮ ቁማር አለ፣ ጫት አለ፣ ስድብ አለ" የምትሉ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። በገንዘብ የሚያዝ ጨዋታ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ማናችንም አናጣውም። ነገር ግን ቦታው ክፉ ከሆነ ለወንዱም ልጅ ክፉ ነው፤ ስለ ምን እርሱን ዝም እንለዋለን? ጨዋታው ራሱ ግን ክፉ ካልሆነ፣ ንጹሕ ቦታ ስናዘጋጅ ለምን ለእርሷም አናዘጋጅም?

ይህን ያልኩት ንጹሕ በምንለው ቦታም ያው ነገር ስለ ገጠመኝ ነው። የእኅቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንድ የወጣቶች ፕሮግራም ትሄዳለች። ከጸሎትና ከቃል ትምህርት በኋላ ፒንግ ፖንግና ቼዝ አለ። ቁማር የለም፣ ስድብ የለም፣ መሪዎቹም ጌታን የሚወዱ ናቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ግን "ከእንግዲህ አልሄድም" አለች። እናቷ ደነገጠች፤ እምነቷ የቀዘቀዘ መሰላት። ቀስ ብለን ስንጠይቃት ነገሩ ወጣ።

"ሂጂ" ያላት ሰው የለም። ልጆቹ ቼዙን ሲዘረጉ ለእኅቶች "ሻዩን እናንተ አቅርቡ" ይባላል። ሻይ ቀርቦ ሲያልቅ ሰዓቱም አብሮ ያልቃል። አንድ ቀን ደፍራ ተቀመጠች። ድንጋዩን ባነሣች ቁጥር አንዱ ከጀርባዋ "እንደሱ አይደለም" እያለ እጁን ይሰድዳል። ስትሸነፍ "ሴት አይደለች፣ ምን ይጠበቃል?" ተባለ። በሚቀጥለው ሳምንት አሸነፈች። ያን ጊዜ ደግሞ "ለቀቀላት" አሉ። ልጅቱ እንዲህ አለችን፦ "ብሸነፍም ተሸነፍኩ፣ ባሸንፍም አላሸነፍኩም። ታዲያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?"

ወገኖቼ፣ ሴት ልጅ ከጠረጴዛ የምትነሣው በዱላ አይደለም። በሻይ ትሪ፣ በሳቅ፣ "ለቀቀላት" በምትል አንዲት ቃል ነው። ይህን የሚያደርጉትም ክፉ ልጆች አይደሉም። "ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት"፣ "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" የሚሉትን ተረቶች ከእኛው ከትልልቆቹ ሰምተው ያደጉ ልጆች ናቸው።

"ጨዋታ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?" ትሉኝ ይሆናል። ጨዋታ ግን ትምህርት ቤት ነው። ልጅ በቼዝ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ ከመናገሩ በፊት ማሰብን፣ ሕግ ሲጣስ በጨዋነት መከራከርን፣ ተሸንፎ የአሸናፊውን እጅ መጨበጥን ይማራል። ወንዱ ይህን ዓመታት ሲለማመድ እርሷ ብርጭቆ ታጥባለች። ከዚያ 25 ዓመት ሲሞላት የኮሚቴ አባል እናደርጋትና ዝም ስትል "ሴቶች እኮ ስብሰባ ላይ አይናገሩም" እንላለን። የት ትማረው?

ደግሞም ነገሩ የባሕላችን ነው እንዳንል ታሪካችን ራሱ ይመልስልናል። ሰንጠረዥ የሚባለው የአገራችን ቼዝ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት ለብዙ ዘመን ሲጫወቱት የኖረ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ "ወረራ" በሚባለው፣ ተራ መጠበቅ የለም፤ አንድ ድንጋይ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። እቴጌ ጣይቱ በገና እንደሚደረድሩና ሰንጠረዥ እንደሚጫወቱ ተጽፏል። ፒያሳ በስማቸው በሚጠራው ሆቴል በር ላይ ያለፋችሁ ሁሉ ይህን አስቡት!

በሰንጠረዥ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ድንጋይ ፈርዝ ይባላል፤ በአንድ ጊዜ የሚሄደው አንዲት ቤት ብቻ፣ ያውም በሰያፍ ነው። በአውሮፓ ግን የዚህ ድንጋይ ቦታ የንግሥት ሆነ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይም ንግሥቲቱ በሰሌዳው ላይ ካሉት ሁሉ ብርቱ ሆነች። እንግዲህ ከሁሉ የበረታችው ድንጋይ ሴት በሆነችበት ጨዋታ ላይ ነው ልጃገረዷን "ይህ የወንድ ነው" የምንላት።

"ሴት አእምሮዋ ለዚህ አልተፈጠረም" የሚለው ወሬ በሰለጠነው ዓለምም ነበር። የሃንጋሪዋ ዩዲት ፖልጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ገና በ15 ዓመቷ ግራንድ ማስተር ሆነች፤ በዚህም ቦቢ ፊሸር ይዞት የነበረውን የዕድሜ ክብረ ወሰን ሰበረች። እ.ኤ.አ. በ2002 በጊዜው የዓለም አንደኛ የነበረውን ጋሪ ካስፓሮቭን በፈጣን ጨዋታ አሸነፈች። "ለቀቀላት" የሚል ካለ ይምጣ!

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኡጋንዳው ታሪክ ነው። ሮበርት ካቴንዴ የሚባል ወንድም በአንድ ክርስቲያናዊ የስፖርት አገልግሎት ውስጥ እየሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በካምፓላ ካትዌ በሚባለው የድኾች ሰፈር ልጆችን ቼዝ ማስተማር ጀመረ። ፊዮና ሙቴሲ የምትባል ትንሽ ልጅ ወንድሟን ተከትላ መጣች፤ የሳባት የሚታደለው ገንፎ ነበር። ካቴንዴ "አንቺ ገንፎሽን ይዘሽ ተቀመጪ" አላላትም። ከእርሷ የምታንስ ሌላ ሴት ልጅ የድንጋዮቹን አካሄድ እንድታሳያት አደረገ። ያቺ ፊዮና እ.ኤ.አ. በ2010 በሩስያ፣ በ2012 ደግሞ በኢስታንቡል በተደረጉት የቼዝ ኦሎምፒያዶች አገሯን ወክላ ተጫወተች፤ በኢስታንቡልም ዓለም አቀፍ ማዕረግ አገኘች። አንድ አገልጋይ ወንበር ስለ ሰጣት!

የእግዚአብሔር ቃልስ ምን ይላል? ነቢዩ ዘካርያስ ስለ ታደሰችው ኢየሩሳሌም ሲናገር፣ የበረከቷ ምልክት አድርጎ የሚያሳየን በአደባባይዋ የሚጫወቱ ልጆችን ነው። ወንዶች ልጆች ብቻ አላለም፤ ሴቶች ልጆችንም ለይቶ ጠቅሷል (ዘካ. 8፡5)። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በጉባኤው ፊት ቆመው ድርሻቸውን ሲጠይቁ፣ እግዚአብሔር ልክ ናቸው ብሎ ፈረደላቸው (ዘኁ. 27፡1-7)። ማርያምም በጌታ እግር አጠገብ ስትቀመጥ፣ ጌታ ወደ ማጀት አልመለሳትም (ሉቃ. 10፡38-42)። ማርታን ስለ አገልግሎቷ አልናቃትም፤ የማርያምን ቦታ ግን አላስወሰደባትም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ቤት ውስጥ ዳማም ሆነ ገበጣ ሲዘረጋ ሴት ልጃችሁን ጥሩ፤ ወንዱም ልጅ ሻይ ማፍላት ይማር፤ እጁ አይሰበርም። የወጣት መሪዎች፣ ሻይ የማቅረቡን ሥራ በስም ዝርዝር ለሁሉም አከፋፍሉት፤ የጨዋታውንም ተራ እንዲሁ። ከጀርባ እጅ መስደድን ከልክሉ። ወንድሞች፣ ስትሸነፉ "አሸነፈችኝ" በሉ፤ ይህች አንዲት ቃል ትሕትናን ታስተምራችኋለች። እኅቶች፣ የመጀመሪያው ቀን ብትሸነፉም ወንበራችሁን አትልቀቁ፤ ማንም ሳይሸነፍ አልተማረም።

የእኅቴን ልጅ ነገር የፕሮግራሙ መሪ ሲሰማ አልተቆጣም። ቅዳሜ የሁሉንም ስም ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሻይ እንዲያፈላ የደረሰው ለራሱ ነበር። "ለቀቀላት" የሚል አሁንም አልጠፋም። ልጅቱ ግን ትሄዳለች፤ ጓደኛዋንም ይዛ መሄድ ጀምራለች።

በእናንተ ቤተ ክርስቲያንስ? በሚመጣው ቅዳሜ ጠረጴዛው ዙሪያ ማን እንደ ተቀመጠ፣ ትሪውንም ማን እንደ ያዘ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ጌታ ቤታችሁን፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችሁን ይባርክ።