መኪና ማጠብ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

አንባቢ ሆይ! «እኔ መኪና የለኝምና ይህ ጽሑፍ አይመለከተኝም» ብለው ገጹን ለመግለጥ አይቸኩሉ። ዛሬ ባይኖርዎ የአጎትዎን ወይም የመሥሪያ ቤትዎን መኪና የማጠብ ተራ አንድ ቀን ይደርስዎታል። ደግሞም በአገራችን መኪና እንደ ቤት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ንብረት ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያለችው ቤንዚን ጠጪ ተጠብቃ መኖር አለባት ማለት ነው። የእኔዋ ነጭ ቶዮታ ከብዙዎቹ አንባቢዎቼ በዕድሜ ትበልጣለች። ሞተር ቢደክም መካኒክ ያድሰዋል፤ ቆርቆሮ ከዛገ ግን ቆርጦ ከመበየድ በቀር መድኃኒት የለውም።

ለመሆኑ ቆርቆሮውን ከዝገት የሚከልለው ምንድን ነው? ቀለሙ ነው። የቀለሙም ውፍረት፣ ከሥሩ ያለው የመጀመሪያው ቅብ ሳይቀር ተደምሮ፣ በቢሮ ከምንጽፍበት ከአንድ ወረቀት እምብዛም አይበልጥም። በዛሬዎቹ መኪኖች ላይ የሚያብረቀርቀው ጥርት ያለ የላይኛው ሽፋን ደግሞ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። እንደ እኔዋ ባሉት በድሮዎቹ ላይ ይህ ሽፋን ስለሌለ፣ ሲወለውሏቸው ቀለሙ ራሱ ተነሥቶ በጨርቁ ላይ ይታያል።

እኔ ደሴ እያደርሁ ኮምቦልቻ የምሠራ ሰው ነኝ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ፣ ከ2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ያህል እወርዳለሁ። ጠዋት ከጦሳ ተራራ ሥር መኪናዬ በጤዛ ርሳ ትነሣለች። በሐረጎ ጠመዝማዛ፣ በጉሙ ውስጥ፣ ከፊቷ የሚያዘግመው ከባድ መኪና የሚረጨውን ጭቃ ትቀበላለች። ኮምቦልቻ ስትደርስ ፀሐይ ያንን ጭቃ እንደ ሸክላ ይጠብሰዋል። ታዲያ በአንድ ቀን ደጋና ወይና ደጋን የምትመላለስ መኪና ከሌላው ይልቅ እንክብካቤ ብትሻ ያስገርማልን? ደሴ ብርድ ስለ ሆነ ፀሐይዋ ቀለም አትጎዳም የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። ቀለም የሚያነጣው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አሥር በመቶ ያህል እየበረታ ይሄዳልና።

ዳሩ ግን ከፀሐይም ከጭቃም ይልቅ ቀለም የሚፈጀው ደረቅ ጨርቅ ነው። መኪናዎን ፒያሳ ላይ ሲያቆሙ አንድ ልጅ ጨርቁን እያራገፈ ብቅ ይላል። «ጋሼ፣ ላጽዳት?» ይላል፤ መልስ ሳይጠብቅም ኮፈኑን መፈግፈግ ይጀምራል። ልጁ ታታሪ ነው፤ እንጀራውም ነው። ነገር ግን በአቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ መስታወት እንኳ የሚጭር ነውና ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። በነጭ መኪና ላይ ቶሎ አይታወቅም፤ ጥቁሯን ግን በቀትር ፀሐይ ቢመለከቷት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ለብሳ ያገኟታል። እኔ ልጁን «ወንድሜ፣ ጠብቃት እንጂ አትጥረጋት፤ ስለ መጠበቅህም ያንኑ እከፍልሃለሁ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ቀን እንደ እብድ አየኝ፤ አሁን ተግባብተናል።

አቧራ በውኃ ተንሳፍፎ ይነሣል እንጂ ተፈግፍጎ አይነሣም። መኪናዋን ጥላ ሥር አቁመው፣ ቆርቆሮው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። በትኩስ ቆርቆሮ ላይ ውኃው ቶሎ ደርቆ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ብቻ ከላይ እስከ ታች ያርሷትና ጭቃው እስኪለሰልስ ጥቂት ይታገሡ። ከዚያ ሁለት ባልዲ ያዘጋጁ፤ አንዱ የሳሙናው፣ ሁለተኛው ሰፍነጉን ማለቅለቂያ ነው። ሰፍነጉ አሸዋውን በሁለተኛው ባልዲ ሳያራግፍ ወደ ሳሙናው አይመለስ። ከጣሪያው ይጀምሩ፤ ጎማና ቸርኬ በሌላ ጨርቅ በመጨረሻ ይታጠቡ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን ገፎ ቀለሙን ራቁቱን ያስቀረዋልና የመኪና ሻምፑ ይሻላል። ሰም የተቀባ ቀለም በኮባ ቅጠል ላይ እንዳለ ጠብታ ውኃውን ያንከባልለዋል፤ ዝርግ ብሎ ከተኛበት ሰሙ አልቋል ማለት ነው።

(ኮፈን፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ላቫጆ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጭቃው ብቻ የራሳችን ነው።)

ሁለት ባልዲ የምለው ለቀለሙ ብቻ ብዬ አይደለም። መኪናን ወደ ወንዝ ነድቶ በጎማ ጥልቀት አቁሞ ማጠብ በየስፍራው የሚታይ ልማድ ነው። ቦርከና ከደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ይወርዳል፤ ከመኪና ሆድ የሚታጠበው ዘይትና ግራሶም አብሮ ይወርዳል። ጨፋ ላይ ደግሞ በበጋ ስንት ከብት ይጠጣዋል! ሁለት ባልዲ ለሚበቃ ሥራ ወንዝ ምን ያደርጋል?

እስከ 1990 ዓ.ም. በባቲና በሚሌ በኩል ከአሰብ ወደብ ዕቃ ያመላልሱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሾፌር፣ ስለ ሰም ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እኛ ሰም አናውቅም። ከአሰብ ስንመለስ ከሥር ነበር የምናጥባት፤ ጨው ከታች ነው የሚበላት» አሉኝ። «እኛ ግን ጨው የለብንም፣ አባባ» ብላቸው፣ ጎንበስ ብለው የቶዮታዬን በር ግርጌ በጣታቸው ዳሰሱና «ጭቃውስ?» አሉ።

ስለ ውስጡ ብዙ አልልም። ምንጣፉን አውጥቶ ማራገፍ፣ በወንበሩ ስንጥቅ የገባውን ገረባ መልቀም፣ ክሩስኮቱን በረጠበ ጨርቅ ማበስና ኮምቦልቻ ላይ ሲያቆሙ በአቡጀዲ መሸፈን ይበቃል። የሚያብለጨልጨውን ቅባት ግን መሪና ፔዳል ላይ አይቀቡ፤ ሐረጎ ላይ እግር የሚያዳልጥ ፍሬን አያስፈልግዎትም።

ሽማግሌው በጣታቸው የዳሰሱት ነገር በየበሩ ግርጌ ያለውን ቀዳዳ ነው። በመስታወቱ ጠርዝ ወደ በሩ ሆድ የገባው ዝናብ የሚወጣው በዚያ ነው፤ ጭቃ ከደፈነው በሩ ቀለሙ ሳይነካ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከፊት መስታወቱ ሥር የሚጠራቀመው የባሕር ዛፍ ቅጠልም እንዲሁ ያደርጋል፤ እሱን በእጅዎ ይልቀሙት። ለበሩ ቀዳዳ ግን ሽቦ አይጠቀሙ፣ ቀለሙን ይጭራል፤ አንዲት ስንደዶ ትበቃለች። ቀስ አድርገው ሲያስገቧት መጀመሪያ ቡናማ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ከላይ በጣሳ ጥቂት ጥቂት ያፍስሱ።